በክረምት ቢጫ የሚሆን የፔሮቭስካይት ሴል ምን ቢቀባ ይሻለዋል?

ሰላም እህቴ፣ ሌላውም አንባቢ እንዲከተለን ጥያቄሽን ባጭሩ ልድገመው። ባህር ዳር ሆነሽ ለማስተርስሽ የፔሮቭስካይት ሶላር ሴል ትሰሪያለሽ፣ መስታወት ላይ ቲታኒየም ኦክሳይድ፣ ከዛ ሜቲል አሞኒየም ሌድ (እርሳስ) አዮዳይድ፣ ብርሃን ሚውጠው ጥቁሩ ፔሮቭስካይት እሱ ነው፣ ከዛ ስፓይሮ ሚባል ቻርጁን ወደ ወርቁ ሚያሻግር ኦርጋኒክ ላየር፣ ከላይ ወርቅ። የካቲትና መጋቢት ላይ የሰራሻቸው ሴሎች ሳምንታት ቆይተዋል፣ ሐምሌ ላይ የሰራሻቸው ግን በሁለት በሶስት ቀን ጥቁሩ ፊልም ወደ ቢጫ ይዞራል። ወረቀቶች ላይ በኤኤልዲ (በጋዝ ረድፍ በረድፍ ፊልም ሚጥል ማሽን) የተጣለ የአልሙኒየም ኦክሳይድ ኮቲንግ ሲመሰገን አይተሻል፣ ማሽኑ ግን እናንተ ጋ የለም፣ እና በምትኩ ፒኤምኤምኤ (የአክሪሊክ ፕላስቲክ) በስፒን ኮተር፣ እያሽከረከረ በሚቀባው ማሽን፣ ብቀባው፣ ዳር ዳሩን ደሞ የመስኮት ሲሊኮን ባደርግለት ይበቃል ወይ ነው ያልሽው።

አጭሩ መልስ፣ ፒኤምኤምኤ ብቻውን ጥቂት ቀን ቢጨምርልሽ ነው፣ ሲሊኮኑን ደሞ ጭራሽ አታስጠጊው። ግን አንቺ ያለሽበት ቦታ ላይ ሆኖ ከኤኤልዲ ውጪም ጥሩ ስራ መስራት ይቻላል፣ ስለዚ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

በመጀመሪያ ውሃው እዛ ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሰራ እንይ፣ ምን እንደምትቀቢ ሚወስነው እሱ ነውና። ሜቲል አሞኒየሙ ውሃ ይወዳል፣ የውሃ ሞለኪውል በግሬኖቹ (በክሪስታል ቅንጣቶቹ) ድንበር ሾልካ ትገባና በሃይድሮጅን ቦንድ ከሱ ጋር ትያያዛለች፣ መጀመሪያ ሞኖሃይድሬት ሚባለው ይፈጠራል፣ እዚ ደረጃ ላይ ቶሎ ብለሽ ደረቅ ናይትሮጅን ውስጥ ብትከቺው ወደ ጥቁርነቱ ሊመለስ ይችላል። እርጥበቱ ከቀጠለ ግን ዳይሃይድሬት ይሆንና ቀጥሎ እርሳስ አዮዳይዱ ለብቻው ይቀራል፣ ያ ያየሽው ቢጫ እሱ ነው። ሜቲል አሚኑና ሃይድሮጅን አዮዳይዱ በጋዝ መልክ ይወጣሉ፣ ጋዙ አንዴ ካመለጠ ደሞ ፊልሙን መልሶ ሚያቆመው ነገር የለም። ሃይድሮጅን አዮዳይዱ በዚ ብቻ አያበቃም፣ ኤሌክትሮድሽ ብር ወይም አልሙኒየም ቢሆን ኖሮ ሄዶ ይበላው ነበር፣ ወርቅ መሆኑ ትንሽ አሳርፎሻል።

ምናልባት በሜቲል አሞኒየሙ ቦታ ወደሚገባው ወደ ፎርማሚዲኒየም ለመዞር ካሰብሽ፣ ሙቀት ይችላል እውነት ነው፣ እርጥበት ግን ጥቁሩን አልፋ ፌዝ (የክሪስታል አደራደር) ወደ ቢጫው ዴልታ ፌዝ ይገፋዋል፣ ስለዚ ቢጫ ባየሽ ቁጥር እርሳስ አዮዳይድ ነው ብለሽ እንዳትደመድሚ። ክሪስታልን በኤክስሬይ ሚለየው ኤክስሬይ ዲፍራክሽን ካለ በተለመደው የመዳብ ጨረር እርሳስ አዮዳይድ 12.7 ዲግሪ አካባቢ፣ ዴልታው ደሞ 11.8 አካባቢ ፒክ ያሳዩሻል። ሁለቱ የተለያየ በሽታ ናቸው መድሀኒታቸውም ይለያያል።

አሁን ቁጥር እንስራ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው እዚ ጋ ነው ሚሳሳተው፣ ኮቲንግ ሲባል ዋተርፕሩፍ ከሆነ በቃ ይመስለዋል። ፊልምሽ 500 ናኖሜትር ነው እንበል። ዴንሲቲው በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 4.1 ግራም አካባቢ ስለሆነ አንድ ሜትር ካሬ ላይ ያለው ፔሮቭስካይት ሁለት ግራም ገደማ ነው። ያንን በሞለኪውል ክብደቱ በ620 ስታካፍይው 3.3 ሚሊሞል ይሆናል። ለያንዳንዷ አንድ አንድ ሞለኪውል ውሃ ብትደርሳት፣ ማለትም ሙሉው ፊልም ሞኖሃይድሬት እንዲሆን፣ ሚያስፈልገው ውሃ 0.06 ግራም ብቻ ነው። ለሙሉ ሜትር ካሬ ማለቴ ነው፣ አንዲት ጠብታ በይው።

የኮቲንግ ጥራት ሚለካው ደሞ በቀን በሜትር ካሬ ስንት ግራም የውሃ ትነት ያሳልፋል በሚለው ነው። በቀን 1 ግራም ሚያሳልፍ ነገር ያቺን ጠብታ በአንድ ሰአት ተኩል ያስገባታል። አንድ ሺኛ ግራም ሚያሳልፍ ከሆነ ሁለት ወር ይፈጅበታል፣ መቶ ሺኛ ግራም ሚያሳልፍ ከሆነ ወደ 16 አመት። ግምት ነው ይሄ፣ የገባው ውሃ ሁሉ ፔሮቭስካይቱ ላይ አያርፍም፣ በሌላ በኩል ውሃ አንዴ ሰርቶ ሚያልቅ ነገር ስላልሆነ መፍረሱን አስጀምሮ ወደ ቀጣዩ ሊሄድም ይችላል፣ ግን ወደየትኛው ቁጥር ማነጣጠር እንዳለብን በደምብ ያሳያል። እና ተራ የፕላስቲክ ፊልሞች በቀን ከግራም ክፋይ እስከ ብዙ ግራም ነው ሚያሳልፉት፣ ፒኤምኤምኤም እዛው ጎራ ውስጥ ነው፣ አንቺ በስፒን ኮተር ምትጥይው ደሞ ከማይክሮን ያነሰ ወይም ጥቂት ማይክሮን ነው። ለዛ ነው ፒኤምኤምኤ ብቻውን አይበቃም ያልኩት፣ መጥፎ ነገር ሆኖ አደለም፣ ፖሊመር ሁሉ ለትነት ክፍት ስለሆነ ነው።

ሲሊኮኑ ሚብሰው ለምንድነው፣ ፈሳሽ ውሃ አያስገባም፣ መስኮትም ገንዳም ይይዛል፣ የውሃ ትነትን በተመለከተ ግን ከፖሊመሮች ሁሉ በብዛት ከሚያሳልፉት አንዱ ነው። በዛ ላይ ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው እንደ አቼቶ ሚሸተው አይነት ሲደርቅ አሴቲክ አሲድ ይለቃል፣ ያ አሲድ ሴልሽ ጎን ላይ ነው ሚለቀቀው። የተለመደው የሲሊከን ፓነል ውስጥ ያለው ኢቪኤ ሚባል ማጣበቂያ ፕላስቲክም በተመሳሳይ ምክንያት ለኛ አይመችም፣ በጊዜ ብዛት አሴቲክ አሲድ ያወጣል፣ ሲለጠፍም ወደ 150 ዲግሪ ይፈልጋል፣ ሜቲል አሞኒየም ያለበት ፊልም ያንን ሙቀት አይወድም። ፖሊኦሌፊን ሚባለው ይሻላል።

እሺ ኤኤልዲ ለምንድነው እንደዛ ሚመሰገነው ካልሽ፣ ሁለት ጋዝ በየተራ ነው ሚላክበት፣ ትራይሜቲል አልሙኒየም ይገባል ገጹ ላይ አንድ ረድፍ ይይዛል፣ ትርፉ ተጠርጎ ይወጣል፣ ከዛ የውሃ ትነት ይገባል ያቺን ረድፍ ኦክሳይድ ያደርጋታል፣ ደሞ ይጠረጋል። አንድ ዙር 0.1 ናኖሜትር አካባቢ ይጨምራል፣ ስለዚ 30 ናኖሜትር ማለት ወደ 300 ዙር ነው፣ በዝቅተኛ ሙቀት ደሞ ውሃው ከግድግዳው ቶሎ ስለማይለቅ መጥረጊያው ይረዝማል ሰአታትም ይፈጃል። ጥቅሙ ጋዝ ስለሆነ በየጉድጓዱ በየስንጥቁ ይገባና ቀዳዳ ሳይተው መሸፈኑ ነው፣ በኢቫፖሬሽን (በቫኪዩም አትንኖ በመጣል) ከላይ ወደታች ሚዘንብ ፊልም ግን ከጥላው ስር ያለውን አያገኘውም። 25 ናኖሜትር ገደማ የሆነ አልሙኒየም ኦክሳይድ ፕላስቲክ ላይ ተጥሎ ወደ መቶ ሺኛ ግራም ደረጃ ወርዷል፣ ከላይ ያሰላነውን 16 አመት አስታውሺ።

ግን ኤኤልዲ ራሱ ቀጥታ ፔሮቭስካይቱ ላይ ከተደረገ ይጎዳዋል፣ ተመልከቺ ውሃ እኮ ነው ሚላክበት፣ ትራይሜቲል አልሙኒየሙም ራሱ ከሜቲል አሞኒየሙ ጋር ይጣላል። ለዚህ ነው ወረቀቶቹን በደምብ ስታነቢያቸው ብዙዎቹ ከስር ሲ60 ወይም ፒሲቢኤም ሚባል የካርቦን ሞለኪውል ላየር ያለበት፣ ተገልብጦ የተሰራ ሴል ላይ ቲን ኦክሳይድ በ100 ዲግሪ ገደማና ከዛ በታች ሲጥሉ ምታገኚያቸው። 2017 ላይ ስታንፎርድና አሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ፔሮቭስካይት ከሲሊከን ጋር ደርበው 23.6% ያገኙበት ስራ እንደዚ አይነት ቲን ኦክሳይድ ነበረው፣ 85 ዲግሪ ሙቀትና 85% እርጥበት ውስጥ 1000 ሰአት ተቋቋመ። ሌላው ነገር አልሙኒየም ኦክሳይድ ብቻውን ሙቅ እርጥበት ውስጥ ቀስ ብሎ ይበላሻል፣ ስለዚ ከዚርኮኒየም ወይም ከቲታኒየም ኦክሳይድ ጋር እያፈራረቁ ይደራርቡታል። አቧራም አለ፣ አንድ ማይክሮን ሚያክል ብናኝ 30 ናኖሜትር ኮቲንግን እንዳለ ይበሳዋል፣ ኮቲንጉ ከብናኙ ሰላሳ እጥፍ በላይ ይቀጥናል። ኦርጋኒክና ኢንኦርጋኒክ ላየር እያፈራረቁ ሚሰሩት ለዛ ነው፣ የላይኛው ቀዳዳ ከታችኛው ጋር ስለማይገጥም ውሃው ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳል።

እና ማሽኑ ስለሌለሽ ብቻ ስራሽ ሁለተኛ ደረጃ ነው ብለሽ እንዳታስቢ። ከልቤ ምነግርሽ፣ ኮቲንግ ማለት ውሃ እንዳይገባ መከልከያ ብቻ አደለም፣ ከውስጥ ምንም እንዳይወጣም መከልከያ ነው። ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ሜቲል አሚንና ሃይድሮጅን አዮዳይድ ሚወጡበት ባዶ ቦታ ካላገኙ መፍረሱ ራሱ ይቀዘቅዛል፣ ሚዛኑ ወደ ጥቁሩ ያደላል። 2020 ላይ ሳይንስ መጽሄት ላይ የወጣ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ስራ ነበር፣ ኤኤልዲ ምናምን የለበትም፣ ሴሉን በሁለት መስታወት መሀል ፖሊአይሶቡቲሊን ሚባል ርካሽ ላስቲክ ሙሉ ለሙሉ እንደ ብርድ ልብስ አልብሰው ነው ያሸጉት፣ የሚወጣውን ጋዝ በጋዝ ክሮማቶግራፊ እየለኩ እንዳልወጣ አሳዩ፣ እና 85 በ85ቱን ከ1800 ሰአት በላይ አለፈ፣ የፈተናው ልክ 1000 ሰአት ሆኖ ሳለ። ሴሉና መስታወቱ መሀል አየር ያለበት ክፍት ቦታ ትተሽ ዳሩን ብቻ ብታሽጊ ግን ያ ክፍት ቦታ ጋዙን እየተቀበለ ፊልምሽን ያራቁተዋል። ስለዚ ቀጭኗ ፒኤምኤምኤ ስራ አላት፣ ስራዋ ግን ውሃ መከልከል ሳይሆን ሴሉ ላይ ተለጥፎ ባዶ ቦታ ማሳጣትና ከላይ ሚመጣው ሙጫ ሴሉን በቀጥታ እንዳይነካው መሀል ላይ መቆም ነው።

እዚ ጋ አንድ ወጥመድ አለ። ፒኤምኤምኤ አብዛኛውን ጊዜ ክሎሮቤንዚን ወይም ቶሉይን ውስጥ ነው ሚሟሟው። ፔሮቭስካይቱን አይነኩትም፣ ፊልሙን ስትሰሪ አንቲሶልቨንት (ክሪስታሉ ቶሎ እንዲወጣ ምትደፊው ፈሳሽ) አድርገሽ ምትጠቀሚበት እነሱን አደል። ስፓይሮውን ግን ክሎሮቤንዚን ውስጥ አሟሙተሽ ነው የጣልሽው፣ ስለዚ ከላይ ክሎሮቤንዚን ስትደፊበት ወርቅ በሌለበት ቦታ ሁሉ ይታጠባል፣ በወርቁ ጫፍ ስርም ይገባል። ፈሳሹን አሳርፈሽ ሳይሆን እየተሽከረከረ ጣይው፣ መጠኑን አሳንሺ፣ ወይም ስፓይሮን ማያሟሟ ፈሳሽ ውስጥ ሚሟሟ ፖሊመር ፈልጊ፣ የፍሎሪን ፖሊመሮች በራሳቸው ፍሎሪን ያለበት ሶልቨንት ስለሚጣሉ ለዚ ነገር ጥሩ ናቸው፣ ዋጋቸው ግን ይከብዳል። ፖሊሲላዛን ሚባለውን ወደ ሲሊካ ሚቀየር ፈሳሽም ሰው ይመክርሽ ይሆናል፣ ሲቀየር አሞኒያ ስለሚለቅ ፔሮቭስካይቱን እንዳያነጣብሽ፣ በቀጥታ አይሆንም።

ስፓይሮ ላይ ካለን አይቀር፣ ውስጡ ምትጨምሪው የሊቲየም ጨው ራሱ ከአየር ውሃ ሚስብ ነገር ነው። ከላይ ብትሸፍኚ ከስር ውሃ ሚጠራ ላየር አስቀምጠሽ ማለት ነው። የሐምሌ ሴሎችሽ ቶሎ ሚሞቱበት ትልቁ ምክንያት ፊልሙን ከመጣል እስከ ወርቁ ድረስ ያለው ጊዜ ይመስለኛል፣ ስፓይሮው ኦክሲዳይዝ እንዲሆን ብለሽ ሌሊቱን አየር ላይ ታስቀምጪዋለሽ መሰለኝ፣ በሐምሌ ይሄ አይሆንም፣ ሲሊካ ጄል ያለበት ደረቅ አየር ውስጥ አድርጊው፣ ኦክስጅን ነው ሚፈልገው ውሃ አደለም። የተቀባ ኮቲንግ ውጪ ያለውን ይከለክላል፣ ቀድሞ የገባውን ግን አብሮ ይቀብረዋል።

ስለዚ አንቺን ብሆን ምን አደርግ ነበር። ፊልሙ ራሱ ላይ ጀምሪ፣ ከአኒሊንግ (ፊልሙን ካሞቅሽው) በኋላ ፊኔቲል አሞኒየም አዮዳይድ አይሶፕሮፓኖል ውስጥ በጣም አሳስተሽ እየተሽከረከረ ጣይበት፣ ከላዩ ጥቂት ናኖሜትር ሁለት ዳይሜንሽን ያለው ፔሮቭስካይት ይፈጠራል፣ የፊኔቲሉ የካርቦን ቀለበት ውሃ ይጠላል፣ ጠብታ ብታሳርፊበት ኮንታክት አንግሉ (ጠብታዋ ከፊልሙ ጋር ምትሰራው ማእዘን) ከፍ ሲል ታዪዋለሽ። ይሄ ምንም ማሽን አይፈልግም። አይሶፕሮፓኖሉ ራሱ ሜቲል አሞኒየም አዮዳይድን ስለሚያሟሟ ግን አይቆይበት፣ ቶሎ ይጠረግ። ቀጥሎ ወርቁን ምትጥዪበት ኢቫፖሬተር ካለ፣ ሳታወጪው ከላይ ማግኒዢየም ፍሎራይድ ወይም ሞሊብዲነም ኦክሳይድ ትንሽ ጨምሪበት፣ ብቻውን ጥሩ መከልከያ አደለም በጥላና በቀዳዳ የተሞላ ነው፣ ግን ለፖሊመሩና ለስፓይሮው መለያያ ይሆናል። ከዛ ቀጭን ፖሊመር፣ ከዛ የመስታወት ክዳን፣ መሀሉ በላስቲክ የተሞላ፣ ዳሩ በቡቲል የታሸገ።

መስታወት ትነት አያሳልፍም፣ ይሄን አትርሺ፣ ሶስት ሚሊሜትር መስታወት ከየትኛውም ኤኤልዲ ይበልጣል፣ ከተማ ውስጥም ይቆረጥልሻል። የቀጭን ፊልም ኮቲንግ ጥቅሙ ሚታጠፍና ቀላል ፓነል ሲፈለግ ነው፣ እዛ ደቅ ደሴት በጀልባ ሚጫን ነገር ስታስቢ ክብደቱ ትርጉም አለው፣ ለማስተርስ ስራሽ ግን መስታወት አያሳፍርም። መስታወቱን ካመጣሽ በኋላ ችግሩ ጎኑ ነው። ፊቱን አጥብቀሽ ጎኑን መርሳት ጣራውን በቆርቆሮ ከድኖ በሩን ከፍቶ እንደመተኛት ነው። በጎን ሚገባ ትነት ሚጓዘው በሙጫው ስፋት ልክ ስለሆነ ዳሩን ሰፊ አድርጊው፣ ሴሉና የመስታወቱ ጫፍ መሀል አንድ ሴንቲሜትር ብታገኚ በጣም ጥሩ ነው፣ የሙጫው ውፍረት ደሞ በቻልሽው መጠን ይቅጠን። ውሃው ሚደርስበት ጊዜ በርቀቱ ስኩዌር ነው ሚያድገው፣ ስፋቱን እጥፍ ስታደርጊ ጊዜው አራት እጥፍ ይሆናል። ቡቲል ቴፕ ሁለት ድርብ መስታወት መስኮት ሚሰሩበትና የመኪና መስታወት ሚለጥፉበት አይነት ጥቁር ላስቲክ ነው፣ እሱን ፈልጊ፣ እርጥበት መጣጭ የተቀላቀለበት ካገኘሽ ደሞ ይበልጥ ጥሩ። የአይቲኦው (መስታወቱ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ሽፋን) መስመር ከቡቲሉ ስር ወደ ውጪ ሚወጣበት ቦታ በተለይ ይታይ፣ ሽቦ ወይም የብር ፔስት በሙጫው መሀል ካሳለፍሽ ትነቱ በሱ ጎን ነው ሚገባው።

ስልክ ሚጠግኑ ልጆች ስክሪን ሚለጥፉበትን ዩቪ ሙጫም አስበሻል ብዬ እገምታለሁ፣ ጠንካራ ነው ቶሎ ይደርቃል። ሞኖመሩ ግን ብዙ ጊዜ ስፓይሮውንና ፔሮቭስካይቱን ያጠቃል፣ ስለዚ መጀመሪያ ለሙከራ በሰራሽው ፊልም ላይ አንድ ጠብታ አድርገሽ በማግስቱ ቀለሙን እይ። ሌላው ደሞ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ፔሮቭስካይት ደሞ በመካኒካል ደካማ ነው፣ በሙቀት ሚሰፋውም ከመስታወት በብዙ እጥፍ ነው፣ ጠንካራ ኢፖክሲ ሲኮማተር ላየሮቹን እየላጠ ያነሳቸዋል። ለስላሳ ላስቲክ ከጠንካራ ሙጫ ይሻላል ምልሽ ለዚህ ነው፣ ዩቪውን ካስፈለገሽ ከቡቲሉ ውጪ መስታወት ለመስታወት መያዣ ብቻ አድርጊው።

ከመዝጋትሽ በፊት ክዳኑን መስታወት 120 ዲግሪ ላይ ለተወሰነ ጊዜ አድርቂው፣ ገጹ ላይ የተለጠፈች ውሃ ቀላል አደለችም፣ ላስቲኩንም በደረቅ ሳጥን ውስጥ ቀን ከሌሊት አስቀምጪው። ግላቭቦክስ (ከአየር የተዘጋ የስራ ሳጥን) ከሌለ ናይትሮጅን ሲሊንደር ወይም በሲሊካ ጄል ያለፈ አየር ያለበት የአክሪሊክ ሳጥን ይሰራል፣ ውስጡ ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ይኑር። እና ከቻልሽ የሴሎቹን ስራ ወደ በጋው ወራት አዙሪው፣ ክረምቱን ለመለካትና ለመጻፍ። የባህር ዳር የመጋቢት አየር በነጻ ያገኘሽው ደረቅ ሳጥን ነው።

ካርቦን ኤሌክትሮድም አስቢበት። ወርቁንም ስፓይሮውንም አውጥተሽ በሜሶፖረስ (በጥቃቅን ቀዳዳ የተሞላ) ቲታኒያና ዚርኮኒያ ላይ የካርቦን ፔስት በስክሪን ማተም፣ ቫኪዩም አያስፈልገውም፣ ቲሸርት ሚታተምበት አይነት ስክሪን ነው፣ የጨርቃጨርቅ ኢንስቲትዩቱ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ አደል ያለው፣ ሂጂና አማክሪያቸው። 2014 ላይ ቻይና ዉሃን ያሉ ተመራማሪዎች እንደዚ የሰሩት ሴል አየር ላይ በሙሉ ጸሀይ ከ1000 ሰአት በላይ ሰርቷል። ካርቦኑ ውሃ ይጠላል፣ በአስር ማይክሮን ሚቆጠር ውፍረት አለው። ሆኖም ሞላው ቀዳዳ ስለሆነ ትነት ያልፍበታል፣ መስታወቱና ቡቲሉ አይቀርም።

አሁን ደሞ መስራቱን በምን ታውቂያለሽ። የካልሲየም ቴስት ሚባለው አለ፣ ቀጭን ካልሲየም ፊልም ውሃ ሲያገኘው ብርሃን ሚያሳልፍ ሃይድሮክሳይድ ይሆናል፣ ብርማው ብረት ሲጠፋ እየለካሽ ምን ያህል ትነት እንደገባ ታሰያለሽ። ካልሲየም ማስቀመጥ ካልቻላችሁ ግን የራስሽ ፔሮቭስካይት ፊልም ጥሩ መስካሪ ነው። ኤሌክትሮድ የሌለው ፊልም አሽገሽ በየቀኑ በስካነር አንሺው። ቢጫው ከጫፍ ጀምሮ ወደ መሀል ሚሄድ ከሆነ ዳሩ ነው የለቀቀው። መሀል ላይ እንደ ኩፍኝ ነጠብጣብ ከሆነ ኮቲንጉ ቀዳዳ አለው ወይም አቧራ ነበረ። በመስታወት የከደንሽው ሁሉም እኩል ከደበዘዘ ደሞ ከውጪ አልገባም፣ ውስጥ የተቀበረ እርጥበት ነው ወይም ሙጫው ወይም ሙቀቱ ነው። አስቀያሚዋ ነገር ሰው ሶስተኛውን አይቶ ኮቲንጉን ሲያወፍር መክረሙ ነው፣ ማወፈር ምንም አይለውጥም።

የእርጥበት ቻምበር ካጣሽም አትጨነቂ፣ ክዳኑ አጥብቆ ሚገጥም ማሰሮ ውስጥ የገበታ ጨው እስከማይሟሟ ድረስ ውሃ ውስጥ ጨምሪ፣ ከላዩ ያለው አየር 75% እርጥበት ላይ ይቆማል። ፖታሲየም ክሎራይድ ከሆነ 85% አካባቢ፣ ማግኒዢየም ክሎራይድ ከሆነ 33%። ሁለት ሶስት ማሰሮ ይዘሽ ያልታሸገ፣ በፒኤምኤምኤ ብቻ፣ በመስታወትና ቡቲል፣ እያልሽ ጎን ለጎን አስቀምጪ፣ አንዱ የታሸገ ደሞ ደረቅ ማሰሮ ውስጥ ይቀመጥ፣ እሱ ከደበዘዘ ጥፋቱ የውሃ አደለም ማለት ነው። ጨለማ ውስጥ አድርጊው፣ ብርሃንና ኦክስጅን ሲገናኙ የራሳቸው ሌላ መበስበስ አለ ውጤቱን ያደባልቁብሻል።

የ85 በ85ቱን ፈተና ደሞ አይተሽ ለኛ አይሆንም እንዳትይ። ግፊቱን እናስላው። ሐምሌ ላይ 20 ዲግሪና 80% እርጥበት ብንል የውሃ ትነቱ ግፊት 1.9 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። 85 ዲግሪና 85% ላይ ግን 49 ኪሎፓስካል ይሆናል፣ ሀያ ስድስት እጥፍ አካባቢ። ኮቲንጉን ሚገፋው ይሄ ግፊት ነው፣ ፐርሰንቱ ብቻ አደለም፣ በፐርሰንቱ ካየሽው የጣና ዳር ክረምትና ያ ፈተና አንድ ይመስላሉ። ስለዚ ያንን ፈተና ያለፈ ነገር እዚ ከተማ በትነት በኩል ብዙ አያስጨንቀውም። የኛ ሌላው ችግር ጤዛው ነው፣ ጣራ ላይ ያለ መስታወት ሌሊት ወደ ሰማዩ ሙቀቱን እየለቀቀ ከአየሩ በታች ይቀዘቅዛል፣ ጠዋት ጠዋት ዳሩ ላይ ፈሳሽ ውሃ ቁጭ ብሎ ታገኚዋለሽ፣ ቀን ደሞ በጸሀይ ይግላል። ያ በየቀኑ መስፋትና መኮማተር ነው ሙጫውን ከመስታወቱ ሚያላቅቀው። ከቤት ውጪ ምታስቀምጪያቸው ካሉ ዳራቸውን ዘቅዘቅ አድርገሽ ውሃው እንዲወርድ አርጊ፣ ውሃ ሚጠራቀምበት ፍሬም አይኑረው።

አንድ ነገር በጣም ስለሚያሳስበኝ ሳልለው አላልፍም። ያ አንድ ሜትር ካሬ ውስጥ ካለው ሁለት ግራም ሲሶው እርሳስ ነው፣ 0.7 ግራም ገደማ። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፣ የአለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ልክ ግን በሊትር 10 ማይክሮግራም ስለሆነ ያቺ 0.7 ግራም 70 ሺ ሊትር ውሃ ልኩ ድረስ ታደርሳለች። እርሳስ አዮዳይድ ደሞ በመጠኑ ውሃ ውስጥ ይሟሟል። ስለዚ ኮቲንጉ ሴሉን ከውሃ ብቻ ሳይሆን ውሃውንም ከሴሉ ነው ሚጠብቀው። 2020 ላይ ፎስፎኒክ አሲድ ያለበት ቀጭን ፊልም በፊትና በኋላ ቀብተው መስታወቱ ተሰብሮ ውሃ ውስጥ ቢገባ እንኳን እርሳሱን ከ96% በላይ እዛው ሚይዝ ስራ ወጥቷል፣ ለቴሲስሽ ቀጣይ ምዕራፍ ሚሆን ሀሳብ ነው፣ እዚ ሀይቅ ዳር ሆኖ ይሄን ሚሰራ ሰው ያስፈልጋል። እስከዛው የስፒን ኮተሩን እጣቢና የተበላሹትን ፊልሞች ሲንክ ውስጥ አትድፊ፣ በተለየ ጠርሙስ ይጠራቀም፣ ላብ ውስጥ ያሉትንም ልጆች ንገሪያቸው፣ ከሲንኩ ወጥቶ ወዴት እንደሚወርድ ታውቂዋለሽ።

አሁን ሁለት ነገር ንገሪኝና የተሻለ ነገር ልበልሽ። ስፓይሮው ከተጣለ በኋላ ወርቁ እስኪገባ ስንት ሰአት አየር ላይ ይቆያል፣ በምን ያህል እርጥበት? ቢጫውስ ከየት ነው ሚጀምረው፣ ከዳር፣ ከመሀል፣ ወይስ ሁሉም እኩል? ፎቶ ካለሽ ከመስታወቱ በኩልም ከወርቁ በኩልም የተነሳውን ላኪልኝ።